አንድ ሞት፣ ሁለት ችሎት
የካሣ ክስና የወንጀል ክስ ስላላቸው ግንኙነት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በቀድሞው ዘመን ልማድ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከሟች ወገን ጋር ፊት ለፊት ይገናኝ ነበር። የሟች ዘመድ ደሙን ለመመለስ ወይም የደም ካሣ ተቀብሎ ለመታረቅ ይመርጥ ስለነበር ቅጣቱም ካሣውም ከአንድ ሸንጎ ይወጡ ነበር። ዘመናዊው ሕግ ይህን አንድ ጉዳይ ለሁለት ከፈለው፤ ቅጣቱን መንግሥት ያዘ፣ ካሣው ለቤተሰቡ ቀረ። ከዚህም የተነሣ አንድ ሞት በሁለት ችሎት፣ በሁለት ሚዛን ይመዘናል። ድልድይ የሚዘረጋ፣ ሕንፃ የሚያቆም፣ መኪና የሚነድፍ ባለሙያ ሁሉ ሥራው የሰው ሕይወት የሚሸከም ነውና የሁለቱን ችሎቶች ግንኙነት ሊያውቅ ይገባዋል።

በወንጀሉ ችሎት ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ጥያቄውም ተከሳሹ ሕግ የከለከለውን አድርጓል ወይ የሚል ነው። ማስረጃው ከበቂ ጥርጣሬ በላይ ካልሆነ ተከሳሹ በነጻ ይለቀቃል። በፍትሐ ብሔሩ ችሎት ግን ከሳሾቹ የሟች ቤተሰቦች ናቸው፤ የሚጠይቁትም ለደረሰባቸው ጉዳት ኃላፊው ማን እንደሆነና ምን ያህል ሊከፍል እንደሚገባ ነው። በዚህኛው ችሎት ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ይበቃል። ስለሆነም ከአንዱ ችሎት በነጻ የወጣ ሰው በሌላው ሊረታ ይችላል፤ ይህም የፍርድ መቃረን አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንኑ በቁጥር 2149 ደንግጓል፤ የካሣውን ክስ የሚያየው ዳኛ ጥፋት መኖር አለመኖሩን ሲወስን የወንጀል ችሎት በሰጠው የነጻ መልቀቅ ውሳኔ አይገደድም። በቁጥር 2143 ደግሞ የካሣ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ካዘዘ በኋላ፣ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣና የወንጀሉ የይርጋ ዘመን የሚረዝም ሲሆን ረጅሙ እንዲጸና አድርጓል። በወንጀሉ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ ጥፋተኛው የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። በሁለቱ መካከል የሚያገናኝ በርም አለ። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 154 ተበዳዩ የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ፈቀደ፤ ተከሳሹ በነጻ ቢለቀቅ ግን ተበዳዩ ካሣውን በፍትሐ ብሔር ችሎት እንዲጠይቅ ተወስኗል።

የዚህ መለያየት ትርጉም ጎልቶ የታየው በኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አደጋ ነው። አውሮፕላኑ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ ከ6 ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ የ157 ሰዎች ሕይወትም ጠፋ። ከዚያ ቀደም ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ በተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም አደጋዎች ኤምካስ የተባለው የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ከአንድ ሴንሰር ብቻ በመጣ የተሳሳተ መረጃ እየተመራ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፍቷል።

የወንጀሉ ጉዳይ በአሜሪካ ተያዘ። ክሱ ግን የነፍስ ግድያ ክስ አልነበረም፤ ኩባንያው የፌዴራሉን አቪዬሽን ተቆጣጣሪ ስለ ኤምካስ በማሳሳት መንግሥትን ለማጭበርበር ተመሳጥሯል የሚል ነበር። ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የገና በዓል ዕለት፣ ክሱን የሚያዘገይ ስምምነት ይፋ ሆነ። ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሆነው ክፍያ 243.6 ሚሊዮኑ የወንጀል መቀጫ፣ 500 ሚሊዮኑ ለሟች ወራሾች፣ ትልቁ ድርሻ የሆነው 1.77 ቢሊዮን ደግሞ ለአየር መንገዶች ነበር። የሟች ቤተሰቦች አስቀድመው አልተጠየቁም። ጥቅምት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. የቴክሳስ ፌዴራል ዳኛ፣ ያ ማጭበርበር ባይኖር ኖሮ ሟቾቹ ባልሞቱ ነበር በማለት ቤተሰቦቹን የወንጀሉ ተበዳዮች አድርጎ ተቀበላቸው። ዳሩ ግን ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ይኸው ዳኛ በዐቃቤ ሕግ ጥያቄ ክሱን ዘጋ፤ መዝጋቱ ለሕዝብ ይጠቅማል በሚለው እንደማይስማማ፣ ነገር ግን ለመከልከል ሥልጣን እንደሌለው ገለጸ። በማጭበርበር በግል የተከሰሰው የኩባንያው የቴክኒክ አብራሪም መጋቢት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በነጻ ተለቆ ነበር።

የካሣው ክስ በቺካጎ በሌላ መንገድ ሄደ። ኅዳር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በቀረበው ስምምነት ቦይንግ አደገኛ ጉድለት ያለበት አውሮፕላን መሥራቱንና ይህም ለጉዳቱ ምክንያት መሆኑን አመነ፤ በአብራሪዎቹም ላይ ጥፋት አልጫነም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በውጭ አገር ስማቸው ሲነሣ ለቆየው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ይህ ከገንዘብ የሚበልጥ ነበር። ወንጀሉ ችሎት ያልሰጠውን የኃላፊነት እምነት የካሣው ችሎት ሰጠ። ይሁን እንጂ በምትኩ ቤተሰቦቹ የመቀጫ ካሣ ጥያቄያቸውን ተዉ፤ ኃላፊነቱ በስምምነት ስላለቀም የሚቀረው የካሣው ልክ ብቻ ሆነ። ማን ምን ያውቅ እንደነበር፣ ማንስ ዝም እንዳለ በሕዝብ ፊት ምስክር ተሰምቶ ሳይጣራ ቀረ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች የወንጀሉን ችሎት እስከ መጨረሻው የተከታተሉት ይህን ፈልገው ነው።

እንግዲህ ካሣ የቅጣት ምትክ አይደለም፤ የወንጀል ክስ መዘጋትም የንጽሕና ምስክር ወረቀት አይደለም። ካሣ የልጆችን ቀለብና የትምህርት ወጪ ይሸፍናል፤ ቅጣት ሕጉ እንደማይሸጥ ለሕዝብ ያሳያል። አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ሲጠበቅ ሁለቱም ይጎድላሉ።

ለባለሙያው ግን ሁለቱም ችሎቶች የሚመረምሩት አንድ ዓይነት ማስረጃ ነው፤ ይኸውም ንድፉ፣ ስሌቱ፣ የፍተሻው ውጤት፣ ለተቆጣጣሪው የተጻፈው ደብዳቤ ነው። የአንድን ሴንሰር መሳሳት የሚያርም ሌላ መለኪያ ሳይኖር ሥርዓቱ ሲጸድቅ ያየ መሐንዲስ ተቃውሞውን በጽሑፍ ማስፈር፣ ተቆጣጣሪውም እንዲያውቀው ማድረግ አለበት። ይህ ወረቀት በጊዜው ከተጻፈና ከተሰማ ወደ ሁለቱም ችሎት የሚያደርስ ሞት ላይኖር ይችላል። የሙያው ክብርም ከሁሉ በፊት የሚጠበቀው በዚያ ነው።