ስልካችንን ራሳችን እናንብብ
(በሳንሱሲ ለመሠረተ ትምህርት የማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ፊደል አንቆጥርም። ደብተራችሁን ዝጉና ስልካችሁን አውጡ። አንዳንዶቻችሁ ባለ ቁልፉን፣ አንዳንዶቻችሁ ተች የምትሉትን ይዛችኋል። ባለ ቁልፉን የያዘ አይፈር፤ ዛሬ ከምንነጋገረው የሚበዛው በእሱም ይሠራል።

እኔ ለዚህ ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ወደ ሳንሱሲ ስመጣ፣ የማስተምረው ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ብቻ መስሎኝ ነበር። ግን ትምህርት ባለቀ ቁጥር ሰው ይከበኛል። «ልጄ፣ እስቲ ይችን መልእክት አንብብልኝ»፤ «እስቲ ለልጄ ብር ላክልኝ»። ብር ለመላክ ደግሞ የምሥጢር ቁጥር ያስፈልጋል። እነሱም ሰው እየሰማ ጮክ ብለው ይነግሩኛል። ሳምንቱ ሳይሞላ የስድስት እናቶችን የምሥጢር ቁጥር በቃሌ ያዝሁ። እስቲ አስቡት! እኔ ክፉ ሰው ብሆንስ ኖሮ? ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ሁሉንም ቁጥራቸውን አስቀየርኋቸው። አንደኛዋ እናት ግን አዲሱንም ቁጥር ወዲያው ነገሩኝ። «አንተማ ልጄ ነህ» አሉኝ። እንደገና አስቀየርኋቸው።

እዚሁ ክፍል የሚማሩ አንድ አባት የነገሩኝ ነገር አለ። ድሮ ከዘመድ ደብዳቤ ሲመጣ እናታቸው ማንበብ ለሚችል ሰው ወስደው ያስነብቡ ነበር። ታዲያ የቤታቸው ምሥጢር ከእሳቸው በፊት አንባቢው ዘንድ ይደርሳል። በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናትየዋ የተመዘገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ደብዳቤው በስልክ ውስጥ ገብቷል። ነገሩ ግን ያው ነው። ሌላ ሰው የሚያነብልን ስልክ ግማሹ የሌላ ሰው ነው።

አሁን ስለ ገንዘብ እንነጋገር። የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። የሳፋሪኮም ኤም ፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጣ። ጥሩ ነገር ነው። ለልጅ ገንዘብ ለመላክ መኪና መሳፈር ቀረ። ለቴሌብር ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ መደወል ነው። ኮከቡም መሰላሉም ከስልካችሁ ቁጥሮች ሥር፣ ከዜሮ ግራና ቀኝ አሉ። ሲከፈት የሚመጣውን ዝርዝር በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። ባዕድ ፊደል የሚመጣባችሁ ካላችሁ ነገ አብረን እንለውጠዋለን።

ሌባውም ግን አብሮ ተምሯል። አንድ የምናውቀው ሰው ለበዓል በግ ሸጠ። ገዥው «በስልክ ልክፈልህ» አለው። ወዲያው መልእክት ገባ። ሰውዬው በዚህ ዓመት የተማረ ነውና ፊደሉን እየቆጠረ አነበበ፦ ስምንት ሺህ ብር ገብቶልሃል ይላል። ደስ አለው፤ ማንበቡም፣ ብሩም። በጉን ሰጠ። ማታ ሒሳቡን ሲያይ ግን የገባ ብር የለም። መልእክቱን የጻፈው ራሱ ገዥው ነበር!

ይህ ሰው ማንበብ አላቃተውም። ያላነበበው አንድ መስመር ነው፤ ከመልእክቱ በላይ የላኪው ስም ያለበትን። የቴሌብር መልእክት ሲመጣ ላኪው 127 ተብሎ ይታያል። በዜሮ ዘጠኝ የሚጀምር የሰው ቁጥር ካያችሁ ሰው የጻፈው ነው ማለት ነው። እሱም ብቻውን አይበቃም። በጉን ከመልቀቃችሁ በፊት ራሳችሁ 127ን ከፍታችሁ ሒሳባችሁን እዩ። ገዥው ቢቸኩል ይቸኩል። «ቶሎ በል፣ መኪና ያመልጠኛል» ካለ እንዲያውም ቀስ በሉ። «በስሕተት ብር ልኬብህ ነው፣ መልስልኝ» ብሎ የሚደውልም አለ። ለእሱም መልሱ ያው ነው፤ መጀመሪያ ሒሳቡን ማየት። የምሥጢር ቁጥራችሁን በስልክ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ፣ ከመሥሪያ ቤት ነኝ ቢል እንኳ፣ ዝጉበት።

ደግሞ የሰዓቱ ነገር አለ። ስልኩ ደወል እንዳለው ታውቃላችሁ። አንዲት ወተት የሚሸጡ እናት ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንዲቀሰቅሳቸው 11 ብለው ሞሉት። ጮኸላቸው። ተነሡ፣ እሳት አነደዱ፣ ላሚቱን ቀሰቀሱ። ላሚቱ አልነሣም አለች። ቢጠብቁ ቢጠብቁ አይነጋም። ለካ ሰዓቱ ከምሽቱ 5 ነው! ላሚቱ ከስልኩ የተሻለ ታውቃለች ብለው እስከ ዛሬ ይስቃሉ።

ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ስልኩ ግን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። ስለዚህ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። የኛ 1 ሰዓት በስልኩ 7 ነው። የኛ 11 ደግሞ በስልኩ 5 ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ለመነሣት 5 ብሎ መሙላት፣ ከጎኑም ጥዋት የሚለውን መምረጥ ነው። አንዳንዱ ስልክ ጥዋቱን ኤ ኤም፣ ከቀትር በኋላውን ፒ ኤም ይለዋል። እኔ የምመክራችሁ የአንድ ቀኑን ሰዓት፣ የኛን በአንድ ወገን፣ የስልኩን በሌላው ወገን፣ በደብተራችሁ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ሒሳብ ማስያው በሁሉም ስልክ አለ። እንበልና 37 ኪሎ ድንች፣ ኪሎውን በ28 ብር ሸጣችሁ። ነጋዴው በቃሉ አስልቶ «960 ብር» ቢላችሁ፣ 37ን በ28 አባዙት፤ 1036 ይላችኋል። ሰባ ስድስት ብር በአፍ ይጠፋ ነበር። ነጋዴውን ሌባ ማለቴ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። ቁጥሩን አሳዩትና ተነጋገሩ።

ተች ስልክ ያላችሁ ደግሞ ዓይናችሁ የደከመ ካላችሁ ስሙኝ። የመድኃኒት ወረቀት ጽሑፉ ደቃቅ ነው። በስልኩ ፎቶ አንሡትና በሁለት ጣት ገፍታችሁ አሳድጉት። ፊደሉ እንደ ጥቁር ሰሌዳችን ይጎላል። በሽታ የያዘውን የድንች ቅጠልም እንዲሁ አንሥቶ ለግብርና ባለሙያው ማሳየት ይቻላል፤ ቅጠሉ እጃችሁ ላይ ጠውልጎ ከመድረሱ ይሻላል። 8028 የሚባልም ቁጥር አለ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ለገበሬ ያስጀመረው የነጻ መስመር ነው። ሲደወልበት ተቀርጾ የተቀመጠ ድምፅ ይመልሳል፤ ቁጥር እየተጫኑ ቋንቋውንና ሰብሉን መምረጥ ነው።

ድምፅ መቅጃም አለው። ነገር ግን ስለ እሱ ብዙ ማውራት አልፈልግም። መጻፍ የሰለቸው ሁሉ ወደ እሱ ይሮጣልና። ገና አሁን ለተማረ እጅ ድምፅ መቅዳት ጥሩ አይደለም፤ ፊደሉ ይረሳል። ለልጃችሁ መልእክት ስትልኩ፣ ቢሳሳትም ቢዘገይም፣ በጽሑፍ ላኩ። «እማዬ ራሷ ጻፈችልኝ» ሲል አስቡት።

አንድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አምና ስልኬ ጠፋ። የእናቴን ቁጥር እንኳ በቃሌ አላውቀውም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ከሰው ስልክ ለእናቴ መደወል አቃተኝ! አሥራ አንድ ቀን ልጄ ምን ሆነ ብላ ተጨነቀች። ስለዚህ አምስት ቁጥር በደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ጻፉ፤ የልጆቻችሁን፣ የጎረቤታችሁን። የቀይ መስቀል አምቡላንስን ቁጥር 907ን፣ የፖሊስን 991ን ጨምሩበት። የምሥጢር ቁጥራችሁን ግን እዚያ እንዳትጽፉ።

ነገ ማታ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። ወንበራችሁን ራቅ ራቅ አድርጋችሁ ትቀመጣላችሁ፤ እያንዳንዱ ሰው ብቻውን 127ን ይከፍታል፣ ሒሳቡን ያነብባል። እኔ በር ላይ እቆማለሁ እንጂ ወደ ማንም ስልክ አልመጣም። ያቃተው እጁን ያውጣና የቆመበትን ቃል ያንብብልኝ፤ ቀጥሎ የሚጫነውን ከበሩ ሆኜ እነግረዋለሁ።