ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት

እሷ፦ ሊኑክስ ሲነሣ አንድ እንቆቅልሽ ይገጥመዋል። ከርነሉ ዋናውን ዲስክ ለማንበብ ድራይቨር ይፈልጋል፤ ድራይቨሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞጁል ሆኖ የተቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ ነው።

እሱ፦ ቁልፉ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል በይኛ! ታዲያ በምን ይከፈታል?

እሷ፦ ኢኒትራምኤፍኤስ በሚባል ትንሽ የፋይል ጥቅል። ቡትሎደሩ ከከርነሉ ጋር ሜሞሪ ላይ ይጭነዋል፤ አስፈላጊዎቹ ሞጁሎች ከዚያ ይወሰዳሉ።

እሱ፦ የሚፈለገው ሞጁል ጥቅሉ ውስጥ ካልገባስ?

እሷ፦ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7ን እንውሰድ። ጥቅሉን የሚያዘጋጀው ድራከት፣ ካልተነገረው በቀር፣ የሚያስገባው ለዚያው ማሽን የሚሆነውን ነው። ሲስተሙ ከአንድ የምናባዊ ማሽን መድረክ ወደ ሌላ፣ ለምሳሌ ከቪኤምዌር ወደ ኬቪኤም፣ ሲዛወር ዲስኩ ቨርትአይኦ በሚባለው የምናባዊ መሣሪያ መገናኛ በኩል ሊቀርብ ይችላል። የቨርትአይኦ ሞጁል ከሌለ ማሽኑ ዲስኩን አያየውም፤ ጥቂት ጠብቆ የአደጋ ጊዜ ሼል ላይ ይቆማል።

እሱ፦ ሲስተሙ ሲነሣ የሚጫኑ ሞጁሎች በሚዘረዘሩበት «ሞጁልስ ሎድ» ማውጫ ውስጥ የሞጁሉን ስም መጻፍ አይበቃም?

እሷ፦ አይበቃም፤ ያ ዝርዝር በተለምዶ የሚነበበው ዋናው ዲስክ ከተከፈተ በኋላ ነው። በድራከት ቅንብር «አድ ድራይቨርስ» በሚለው መስመር ሞጁሉን ጽፎ ጥቅሉን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። ዴቢያን ላይ ጥቅሉን እንደገና የሚሠራው ትእዛዝ «አፕዴት ኢኒትራምኤፍኤስ» ነው።

እሱ፦ ይህ ሁሉ ታዲያ ከመዛወሩ በፊት ነው።

እሷ፦ አዎ፤ ሞጁሉ መግባቱንም ሬድ ሃት ላይ በ«ኤልኤስ ኢኒትአርዲ» ትእዛዝ አስቀድሞ ማየት ይቻላል።