የመኪና የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት
(በጀልዴሳ ለገበሬዎችና ለከብት አርቢዎች የተደረገ ንግግር)



እኛ ድሬዳዋ ውስጥ መኪና በመጠገን የምንተዳደር ሠራተኞች ነን። ዛሬ የመጣነው ስለ ዘይት ልንነጋገር ነው። የወጥ ዘይት አይደለም፤ የሞተር ዘይትም አይደለም። በመኪናው የኋላ ጎማዎች መካከል አንድ ወፍራም ብረት አለ። ሆዱ ያበጠ ነው። ዲፈረንሻል ይባላል። የምንነጋገረው በዚያ ሆድ ውስጥ ስለሚኖረው ዘይት ነው። ይህን ዘይት ሾፌሩም ተሳፋሪውም አያየውም። ስላልታየም ይረሳል። በመጨረሻ መኪናው አሸዋ መሐል ቀጥ ይላል፤ የጫናችሁት ቲማቲምና ወተትም እዚያው ይበላሻል።

«ይህ የመካኒክ ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ከእናንተ መካከል ገንዘብ አዋጥታችሁ አሮጌ መኪና የገዛችሁ አላችሁ። ያልገዛችሁትም በየገበያው ቀን ኪራይ ትከፍላላችሁ። መኪናው ሲሰበር የሚጠፋው የእናንተ ገንዘብ ነው። መንገድ ላይ የሚያድረውም የእናንተ ልጅ ነው። እንግዲህ ያገባችኋል።

ደግሞስ ስለ ጭነትና ስለ መንገድ የጀልዴሳን ሰው ማን ያስተምረዋል? አባቶቻችሁ ያውቁት ነበር። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚሄደው ሲራራ ነጋዴ ማረፊያው ጀልዴሳ ነበረች። ከባሕሩ በኩል ጨውና ጨርቅ ይመጣል፤ ከሐረር በኩል ቡናና ቆዳ ይወርዳል። ግመል ሜዳውንና በረሃውን አቋርጦ እዚህ ይደርሳል። ከዚህ በላይ ያለው ተራራና ድንጋይ ግን ለግመል እግር አይመችም። ስለዚህ ጭነቱ እዚህ ይራገፍና በበቅሎና በአህያ ይጫናል። ለሜዳው ግመል፣ ለዳገቱ በቅሎ ማለት ነው። በኋላ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደዚያ ዞረ፤ ጀልዴሳም ገበያዋ ቀዘቀዘ። ሆኖም ለየመንገዱ የሚስማማውን መምረጥ የሚለው ዕውቀት አልጠፋም። በዘይትም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ዲፈረንሻል ምን እንደሚሠራ እንይ።

ጥማድ በሬዎች እርሻው ዳር ደርሰው ሲዞሩ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? በውስጥ በኩል ያለው በሬ እዚያው በቆመበት ሊዞር ትንሽ ነው የሚቀረው። በውጭ በኩል ያለው ግን ብዙ ይራመዳል። ሁለቱ እኩል ይራመዱ ቢባል ቀንበሩ ይሰበራል። የመኪና የኋላ ጎማዎችም እንደዚያ ናቸው። መኪናው ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ዲፈረንሻሉ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለሁለቱም ጎማዎች ያካፍላል፤ አንዱ ሲፈጥን ሌላው እንዲዘገይም ይፈቅዳል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ውስጥ ያሉት የብረት ጥርሶች ናቸው። ጥርሶቹ እየተጋጠሙ ሲሽከረከሩ ይፋጫሉ፤ ሲፋጩም ይግላሉ። በመካከላቸው ገብቶ ሰበቃውን የሚቀንሰው፣ ሙቀቱንም የሚወስደው ያ የማይታየው ዘይት ነው።

ፔጆ 404 የተባለችውን መኪና የማያውቅ የድሬዳዋና የሐረር ሰው የለም። ፈረንሳዮች በ1952 ዓ.ም. ያወጧት መኪና ናት። በሁለቱም ከተሞች ለብዙ ዘመን ታክሲ ሆና አገልግላለች። ስንቱን ሙሽራ ወስዳለች፤ ስንቷን ወላድ ሐኪም ቤት አድርሳለች! እኛም ሙያውን የተማርነው እሷን እየፈታን ነው፤ ብናደላላት አትፍረዱብን።

የዚህች መኪና ዲፈረንሻል ከሌሎቹ ይለያል። በሌሎቹ መኪናዎች የብረት ጥርስ ከብረት ጥርስ ጋር ይጋጠማል። በፔጆዋ ግን እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ብረት አንድ ትልቅ የነሐስ ጥርስ ያዞራል። ብረቱ በነሐሱ ላይ እየተንሸራተተ ስለሚሠራ ሰበቃው ይበዛል። ነሐስ ደግሞ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ለድሮዎቹ ፔጆዎች ይታዘዝ የነበረው ዘይት ልዩ ነበር። ከምን የተሠራ ይመስላችኋል? ከጉሎ! እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት፣ በየወንዙ ዳር ሳይዘሩት የሚበቅለው ጉሎ ነው። የጉሎ ዘይት ወፍራምና አንሸራታች ስለሆነ በብረትና በነሐስ መካከል ይቆያል። ይህን ሰምታችሁ ግን ጉሎ ጨምቃችሁ መኪና ውስጥ እንዳትጨምሩ አደራ። የፋብሪካው ዘይት ተጣርቶ፣ ሌላም ነገር ተጨምሮበት የተዘጋጀ ነው። የቤቱ ጉሎ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይይዛል። ከማዕድን ከሚወጣው ዘይት ጋርም በደንብ አይዋሐድም።

በአሁኑ ጊዜ ለብዙዎቹ ፒካፖችና የጭነት መኪናዎች ዲፈረንሻል የሚሆነው በጣሳው ላይ 90 ወይም 80-90 የሚል ቁጥር ያለበት የጥርስ ዘይት ነው። ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ይናገራል። ከዚያ አጠገብ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚል ጽሑፍ አለ። ጂኤል-5 ብረት ከብረት ጋር በኃይል ለሚጋጠምበት ዲፈረንሻል ጥሩ ነው። ለነሐስ ጥርስ ግን ዝም ብሎ አይጨመርም፤ ውስጡ ያለው ድኝ ነሐሱን ሊበላው ይችላል። ለሜዳው ግመል፣ ለዳገቱ በቅሎ ያልነው ይህንን ነው። ማንበብ ችላችኋል አይደል? እንግዲያው ጣሳውን ራሳችሁ አንብቡ። ጽሑፍ በሌለው ጀሪካን የሚሸጥ ዘይት አትግዙ።

አሁን አንድ የደረሰብንን እንንገራችሁ። ጥፋቱ የእኛ ነው።

አንድ ጊዜ የዚህ አገር ሰው የሆኑ ሽማግሌ በአሮጌ ፒካፕ ወደ እኛ መጡ። ከእሳቸው ጋር ልጃቸው ነበረች፤ ሕፃን አቅፋለች። ሕፃኑ ታሞ ሐኪም ቤት ሰንብቶ መውጣቱ ነው። ሽማግሌው «ልጆቼ፣ መኪናው ከኋላ ያለቅሳል። ዘይቱን ቀይሩልንና በጊዜ ቤታችን እንግባ» አሉን። እኛም «እሺ ሐጂ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው» ብለን ከሥሩ ገባን። ቸኩለን የታችኛውን ማፍሰሻ ብሎን ፈታን። ዘይቱ ፈሶ አለቀ። ከዚያ አዲሱን ልንሞላ የላይኛውን ብሎን ብንሞክር አልፈታ አለ። ዝጓል። መታነው፤ ጭንቅላቱ ተላጠ። ቱቦ በመፍቻው ላይ ሰክተን ታገልነው፤ ጭራሽ ባሰበት። ፀሐይ ጠለቀች። መኪናው ዘይት የለውም፤ ዘይት ማስገቢያም የለውም። እናትና ሕፃን በጋራዡ ግቢ ሰሌን ላይ አደሩ።

ሽማግሌው አልተቆጡንም። ማታ ሻይ ስንጠጣ ብቻ እንዲህ አሉ፦ «እኛ ግመል ከማራገፋችን በፊት መልሰን የምንጭንበትን ገመድ እናያለን።» ብንሰደብ ይሻለን ነበር።

በማግሥቱ ብሎኑን ሌላ ብረት በይደንበት ፈታነው። ያን ጊዜ የፈሰሰውን ዘይት በቀን ብርሃን አየነው። መልኩ ሻይ በወተት መስሏል። ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ሽማግሌውን ብንጠይቃቸው በክረምት ጎርፍ የያዘ ወንዝ አቋርጠው እንደነበር ነገሩን። ነገሩ እንዲህ ነው። ዲፈረንሻሉ ሲሠራ ይግላል፤ በውስጡ ያለው አየርም ይነፋል። የጋለው ብረት በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። የዚህን አገር ወንዝ ታውቁታላችሁ። እዚህ ሳይዘንብ ከደጋ የወረደ ጎርፍ በድንገት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ስንቱን ሰው እንደፈጀ አንረሳውም። ወንዝ ሲሞላ መጠበቅ ነው፤ ዘይቱ ቀርቶ ነፍስም አለ። ግን መኪናው ወንዝ ውስጥ ገብቶ ዲፈረንሻሉ ከተዋጠ፣ ቀኑ ደረሰም አልደረሰ ዘይቱ መታየት አለበት።

በሉ አሁን አሠራሩን እንየው።

መኪናው ጥቂት ተነድቶ ይምጣ። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ይቁም፤ አንድ ጎኑ ካዘነበለ ልኩ አይታወቅም። ፍሬኑ ይያዝ፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ! ክሪክ ይንሸራተታል፤ የብረቱ ክብደት ደግሞ ሰው አይመርጥም።

ከዚያ በሁለቱ ብሎኖች ዙሪያ ያለው አቧራ ይጠረግ፤ አለበለዚያ አሸዋው ወደ ውስጥ ይገባል። አሁን የላይኛው፣ የመሙያው ብሎን ይፈታ። አልፈታ ካለ የታችኛው አይነካ፤ በአሮጌው ዘይት ወደ ጋራዥ መሄድ ይቻላል። ከተፈታ ግን ከታች ሳሕን አስቀምጦ የማፍሰሻውን መፍታት ነው። ዘይቱ እስኪንጠባጠብ ድረስ መታገሥ ይገባል።

አሮጌውን ዘይት ሳታዩት አትድፉት። ብዙ ይናገራል። ሻይ በወተት ከመሰለ ውኃ ነው፤ ብለነዋል። ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው በጣም ግሏል ወይም ከመጠን በላይ ቆይቷል። በማፍሰሻው ብሎን ጫፍ ላይ እንደ ዱቄት የላመ ብረት ቢገኝ አትደንግጡ፤ ጥርስ ሲሠራ ትንሽ ይበላል። እንደ ጥፍር ቁራጭ ያለ ስባሪ ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል፤ ያ መኪና ጭነት አይጫንበት። በድሮዋ ፔጆ ደግሞ ዘይቱ ውስጥ ቢጫ ብልጭልጭታ ከበዛ ነሐሱ እያለቀ ነው።

ሲሞላ የታችኛው ብሎን በደንብ ይዘጋ። አዲሱ ዘይት በጎማ ቱቦና በማጥለያ ቀስ እያለ ይግባ። ስንት ሊትር ብላችሁ አትጨነቁ። በብዙዎቹ መኪናዎች መለኪያው ራሱ ቀዳዳው ነው፤ ዘይቱ በላይኛው ቀዳዳ ከንፈር ላይ ደርሶ መንጠባጠብ ሲጀምር ሞልቷል። ከላይ አየር የሚያስወጣ ትንሽ ቀዳዳም አለ። በጭቃ ከተደፈነ አየሩ መውጫ ያጣና ዘይቱን በጎማዎቹ በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ይጸዳ።

መቼ መቼ ይቀየር? ለየመኪናው መጽሐፍ አለው። በጥሩ መንገድ የሚሄድ ብዙ መኪና 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቆያል። እንደ እናንተ አሸዋና ወንዝ ውስጥ፣ ከባድ ጭነት ተሸክሞ የሚሄድ ግን በግማሹ ቢቀየር ይሻላል። ከዚያ በፊትም ጆሮ ስጡት። ሲፈጥን «ኡኡኡ» እያለ ቢያለቅስ፣ ነዳጁ ሲለቀቅ ድምፁ ቢለወጥ፣ ወይም ባደረበት ቦታ መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታ ቢታይ፣ ሾፌሩን ጠይቁት። ከተቆጣ ሁለተኛ ጠይቁት።

ስለ ተቃጠለ ዘይት አንድ ነገር እንጨምር። አንዳንድ ሰው የግመልና የፍየል እከክ ያድናል ብሎ ይቀባዋል። አትቀቡ። ቆዳ ውስጥ የሚገባ መርዝ አለበት፤ እከኩን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ወንዙ አሸዋ ላይም አትድፉት። የምትጠጡትን ውኃ የምትቆፍሩት ከዚያው አሸዋ ነው። ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅማችሁ ለገበያ ስትመጡ ወደ ጋራዥ ይዛችሁት ኑ።

ንግግሩ ይብቃን። ያመጣችን መኪና ያቻት ከዛፉ ሥር ቆማለች፤ ዘይቷ ገና አልቀዘቀዘም። ሳሕኑም አዲሱ ዘይትም ተዘጋጅቷል። መፍቻውን ማን ይይዝልናል? አንቺ ነሽ? ጎሽ እህታችን። ኧረ እሱን አይደለም፤ መጀመሪያ የላይኛውን ነው።