የአንበሳው ዘፈን ባለቤት
(በበዓሉ ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ስለ ሙዚቃ እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ ከመካከላችን ብዙዎቹ ስለ አሜሪካ ዘፈን ይነገር አሉ። እኛም እሺ ብለን በእንግሊዝኛ «አንበሳው ዛሬ ሌሊት ተኝቷል» የሚባለውን መረጥን። ይህን ዜማ ሕፃናት እንኳ ከፊልም ሰምተው ያንጐራጕሩታል። ደራሲው ማን ነው ብለን ስንጠይቅ ግን ሁሉም አሜሪካዊ ነው አሉን። ደራሲው የደቡብ አፍሪካ ሰው፣ የዙሉ ተወላጅ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሰሎሞን ሊንዳ በ1909 ዓ.ም. ምሲንጋ በሚባል አገር ተወለደ። በልጅነቱ ከብት ጠበቀ፤ እንደ ብዙዎቻችንም በሚስዮን ትምህርት ቤት ገብቶ መዝሙርና የኅብረት ዜማ ተማረ። ከዚያ በኋላ እንጀራ ፍለጋ ወደ ጆሃንስበርግ ሄደ፤ ጋሎ በሚባለው የሸክላ ኩባንያም ሸክላ አሻጊ ሆነ። ከሥራ በኋላ ደግሞ «ኦሪጂናል ኢቪኒንግ በርድስ» በተባለው ቡድን ውስጥ ይዘፍን ነበር።

በ1939 ዓ.ም. ቡድኑ በዚያው ኩባንያ ስቱዲዮ ውስጥ «ምቡቤ»፣ ማለት «አንበሳ»፣ የተባለውን ዘፈን ቀዳ። ወንዶቹ በወፍራም ድምፅ ከታች ይቀበላሉ፤ ሊንዳ በቀጭን ድምፅ ከላይ ይወጣል። ዘፈኑ ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀዳ፣ ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ሊንዳ ማንም ያልጻፈለትን አጭር ዜማ በዚያው ቅጽበት ከራሱ አፍልቆ ጨመረበት። ዓለም ዛሬ የሚያውቀው ዜማ ይኸው የጥቂት ሰኮንድ ሥራ ነው።

ዘፈኑ በአገሩ እጅግ ተወደደ፤ እስከ 1948 ዓ.ም. ወደ 100,000 የሚሆን ሸክላ እንደ ተሸጠ ይነገራል። የዚያ ዐይነት አዘፋፈንም ከእርሱ ወዲህ «ምቡቤ» ተብሎ ተጠራ። ሊንዳ ለመብቱ የተቀበለው ግን 10 ሽልንግ ነበር።

ሸክላው ባሕር ተሻግሮ አለን ሎማክስ ከተባለ የዘፈን ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ እርሱም ለፒት ሲገር ሰጠው። ሲገር የዙሉን ቃል በትክክል ሊሰማው ስላልቻለ «ኡዪምቡቤ» የሚለው «ዊሞዌ» ሆነ፤ «ዊቨርስ» የተባለው ጓዱም በዚሁ ስም ዘፍኖት በ1952 ዓ.ም. በአሜሪካ ታወቀ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የደራሲ ስም «ፖል ካምቤል» የሚል ነው። ፖል ካምቤል የሚባል ሰው ግን አልነበረም፤ የጓዱ የብዕር ስም ነው። እስቲ ይታሰብ! ያልተፈጠረው ሰው ደራሲ ተባለ፤ የተፈጠረው ደግሞ ሸክላ ያሽግ ነበር።

እኛ ሲገርን ሌባ አንለውም። ለሊንዳ 1,000 ዶላር እንዲላክለት ማዘዙን ራሱ ተናግሯል። ነገር ግን ከአፍሪካ የመጣ ዜማ ሁሉ የሕዝብ ነው፣ ባለቤት የለውም የሚለው አሳብ በዚያን ጊዜ ለብዙ ሰው ምቹ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ጆርጅ ዴቪድ ዋይስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የእንግሊዝኛ ግጥም ጨመረበት፤ «ቶከንስ» የተባሉት የብሩክሊን ወጣቶችም ዘፍነውት በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1962 ዓ.ም.፣ ሊንዳ በኵላሊት በሽታ ሞተ። በባንክ የነበረው ገንዘብ 25 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር ይባላል፤ ለመቃብሩም የድንጋይ ምልክት የቆመለት ከ18 ዓመት በኋላ ነው።

በ1994 ዓ.ም. የዲስኒ ኩባንያ ዘፈኑን «ላየን ኪንግ» በተባለው ፊልም ሲያሰማ የሊንዳ ልጆች በሶዌቶ በድህነት ይኖሩ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ሪያን ማላን የተባለ የደቡብ አፍሪካ ጋዜጠኛ ታሪኩን «ሮሊንግ ስቶን» በተባለው መጽሔት ላይ አወጣው።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ አንድ ጓደኛችን «ፈርሞ ከሸጠ ምን ይደረጋል? ውል ውል ነው» ብሎ ተከራከረን። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ መልሱን ያገኘነው ግን ከሕጉ ከራሱ ነው። በ1911 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ፣ ደራሲ መብቱን ቢሸጥም እንኳ ከሞተ 25 ዓመት ሲሞላው መብቱ ወደ ወራሾቹ ይመለሳል ይላል። በትምህርት ቤት በምናነበው በቻርልስ ዲክንስ ስም «የዲክንስ አንቀጽ» ይሉታል። ሕጉ በደቡብ አፍሪካም ይሠራ ስለ ነበረ፣ የ«ምቡቤ» መብት በ1987 ዓ.ም. ለልጆቹ ተመልሶ ነበር ማለት ነው፤ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። ኦወን ዲን የተባለው የሕግ ዐዋቂ ይህን አንቀጽ ይዞ በ2004 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ዲስኒን ከሰሰ። በ2006 ዓ.ም. ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ላለፈው ጊዜ ካሣ ተከፈለ፤ ሊንዳም ከደራሲዎቹ አንዱ መሆኑ ታመነለት። እርሱ ከሞተ 44 ዓመት ሆኖት ነበር።

አሁን የ1939ኙን ቅጂ እናሰማችኋለን። ድምፁ ያረጀ ስለ ሆነ ከኋላ የተቀመጣችሁ ጸጥ በሉልን፤ ሊንዳ ዜማውን የሚያወጣው ሊያልቅ ሲል ነውና ቶሎ አታጨብጭቡ።