ጓደኛሞች ተማሪዎች በጥቂት ገንዘብ ስለሚሠሩት አጭር ፊልም ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገርበት የታዘዝሁት ነገር፣ ጓደኛሞች የሆኑ ተማሪዎች በጥቂት ገንዘብ ስለሚሠሩት አጭር ፊልም ነው። ይህን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሰው ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ በቅኔ ቤት ያደገ፣ በጽሕፈት ሥራ እንጀራውን የሚበላ ሲሆን ስለ ፊልም ምን ያውቃል?» እንደምትሉ አልጠራጠርም። እውነት ነው፤ ካሜራ ይዤ አላውቅም። ነገር ግን ባለማወቄ በልጆች ሥራ ላይ ያደረስሁት ጉዳት ስላለ፣ እናንተም እንደ እኔ እንዳትሳሳቱ፣ ከዚያ በኋላ የተማርሁትን ልነግራችሁ ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በግንቦት መጀመሪያ አምስት ተማሪዎች፣ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ ወደምሠራበት ቢሮ መጡ። ልጃገረዶች ውሃ ለመቅዳት ሲሄዱ ትምህርት እንደሚያመልጣቸው የሚያሳይ የስምንት ደቂቃ ፊልም ለመሥራት አስበው፣ በምንጩ አጠገብ ለማንሣት የፈቃድ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው ለመኑ። እኔም «ይህ ጨዋታ ነው፤ ፈተና ሲደርስ ይተዉታል» ብዬ ማመልከቻቸውን በመሳቢያ ውስጥ አኖርሁት። አምስት ሳምንት አለፈ። ሰኔ ገባ፤ ዝናሙም መጣ። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጀምሮ በምንጩ ዙሪያ ይሰለፉ የነበሩት ጀሪካኖች በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠፉ። ልጆቹ ለሰው ሊያሳዩት የፈለጉት ነገር በዚያ ዓመት ከዓይን ተሰወረ። ደብዳቤውን በሰጠኋቸው ቀን ከመካከላቸው ታላቂቱ ልጅ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ «ጋሼ፣ አሁንስ ምኑን እናነሣለን?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላትን አጣሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ኅሊናዬ ስለ ወቀሰኝ፣ ሌሎች ሰዎች ይህን ሥራ በምን ዓይነት ችግር እንደ ሠሩት እየጠየቅሁና እያነበብሁ መረመርሁ። ያገኘሁትንም በአጭሩ እነግራችኋለሁ። የምጠቅሳቸው የሩቅ አገር ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ማወቅ የሚገባን ሲኒማ ራሱ በተወለደ ጊዜ አጭር እንደ ነበረ ነው። በ1895 መጨረሻ ሉሚዬር የተባሉት ሁለት ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ከፍለው ለገቡ ተመልካቾች ዐሥር ፊልሞች አሳዩ። እያንዳንዱ ፊልም አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። ከእነዚያም አንዱ የሚያሳየው ሠራተኞች ከፋብሪካ በር ሲወጡ ብቻ ነው። እንግዲህ አጭርነት የነውር ምልክት አይደለም፤ የጥበቡ መጀመሪያ ነው።

በቅኔ ቤት ያለፋችሁ ሽማግሎች ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ተማሪ ቅኔን የሚጀምረው ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ አይደለም፤ ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ቀን ሲቆጥር የዋለውን ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተሰበረውን ይጠግንለታል። በሁለት ቤት ውስጥ ሰሙንና ወርቁን አስማምቶ መጨረስ ያልቻለ ሰው በስምንት ቤት አይሳካለትም። አጭር ፊልምም የሲኒማ ጉባኤ ቃና ነው።

አሁን ስለ አንድ የአገራችን ሰው ልናገር። ኃይሌ ገሪማ በጎንደር በ1946 ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ ተውኔት የሚጽፉና የሚያሳዩ ሰው ስለ ነበሩ፣ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መድረክ ለምዶ አደገ። በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ በመጀመሪያ በቺካጎ ቴአትር ተማረ፤ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ ባለው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ቤት ገባ። እዚያም ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ በ1971 የሠራው፣ ስለ አንድ ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የሚናገር አጭር ፊልም ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት ገንዘብ የሌላቸው ጥቁር ተማሪዎች ተገናኝተው ጓደኛሞች ሆኑ። ሀብታቸው እርስ በርስ መረዳዳት ነበር። ዛሬ የአንዱን ፊልም የሚመራው ሰው ነገ በሌላው ፊልም ካሜራ ይሸከማል፤ ወይም ድምፅ ይይዛል። ቻርልስ በርኔት የተባለው ጓደኛው ኃይሌ በ1975 ላዘጋጀው «ቡሽ ማማ» ለተባለው ፊልም ካሜራ አንሥቶለታል። እነዚህን ተማሪዎች ሊቃውንት በኋላ «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» በሚል ስም ጠርተዋቸዋል። በአገራችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው በእነርሱ ሥራ ተፈጸመ።

ይህንንም አስተውሉ። «ቡሽ ማማ»ን በሚያነሡበት ጊዜ የከተማው ፖሊሶች ፊልም ሠሪዎቹን አስቁመው ሲፈትሹ ካሜራው ያነሣው ሥዕል በፊልሙ መክፈቻ ላይ ገባ። የፊልሙ ታሪክ ድሆች ስለሚደርስባቸው ጭንቀት ነበርና፣ ሥራውን ሊያሰናክል የመጣው ነገር ለሥራው ምስክር ሆነ። ኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ረጅም ፊልሙንም ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1974 በትምህርት ዕረፍት ጊዜ ወደ አገሩ መጥቶ፣ የተውኔት ሙያ የሌላቸውን የገጠር ሰዎች አሰልፎ፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ አንሥቶ ሄደ።

ከበርኔት ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ለመመረቂያው የሠራውን «ኪለር ኦቭ ሺፕ» የተባለውን ፊልም ባደገበት ሰፈር በዋትስ፣ ጓደኞቹንና ጎረቤቶቹን እያሠራ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ጥቂት ጥቂት አነሣው። የፈጀውም ገንዘብ ከ10,000 ዶላር ያነሰ ነበር። ፊልሙ በ1977 ተፈጸመ፤ በ1990ም የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በክብር ከሚጠበቁት ፊልሞች ጋር መዘገበው። ነገር ግን በውስጡ የሌሎች ሰዎችን ዘፈን ፈቃድ ሳይገዛ አግብቶ ስለ ነበር፣ እስከ 2007 ድረስ በሲኒማ ቤቶች ወጥቶ ለመታየት አልቻለም። የዘፈኖቹን ፈቃድ ለማግኘት 150,000 ዶላር ተከፈለ። አያችሁን፤ ፊልሙ ከፈጀው ይልቅ ያልተለመነ ፈቃድ ያስከፈለው በለጠ። ስለዚህ ተማሪዎቻችንን «የሰው ዜማ አትውሰዱ፤ ከመካከላችሁ ዋሽንት ወይም ክራር የሚያውቅ ይጫወት» ብላችሁ ምከሯቸው።

እንግዲህ ወደ እኛ ልጆች እንመለስ። ስለ ፖሊሶቹ ያነበብሁትን ነገርኋቸው። «እናንተም እንቅፋቱን ራሱን ታሪክ አድርጉት» አልኋቸው። ታላቂቱ ልጅ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ሰልፉ ቢጠፋም የቀሪ ምልክቱ በመዝገቡ ላይ አለ» አለች። የእኔ ሙያ ከመዝገብ ጋር ሆኖ ሳለ ነገሩ ለእኔ አልታየኝም ነበር። ርእሰ መምህሩን አስፈቅደን የክፍሉን የስም መጥሪያ መዝገብ አገኘን። የልጆቹ ስም እንዳይታይ በወረቀት ሸፈንነው። ከዚያም አንዲት እጅ ገጹን ቀስ እያለች ስትገልጥ አነሡ። በጥቅምትና በኅዳር የቀሪው ምልክት ጥቂት ነው፤ በየካቲት ይበዛል፤ በሚያዝያ በሴቶቹ መስመር ላይ ገጹን ይሞላል። ከመዝገቡ ቀጥሎ ባዶ መቀመጫ ይታያል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ዝናም የሚመታው ጀሪካን ይታያል።

ሥራውም እንዲህ ተከፋፈለ። አንዱ ካሜራ ያነሣል፤ አንዷ ትመራለች፤ አንዱ ድምፅ ይይዛል፤ አንዷ ትጫወታለች፤ አንዱ ደግሞ የተነሣውንና ያልተነሣውን በደብተር ይጽፋል። ካሜራው ከወንድም የተዋሱት ስልክ ነበር። ሒሳቡን የያዝሁት እኔ ነኝ። ለትንሽ ማይክሮፎን 700 ብር፣ ለማስታወሻ ካርድ 450፣ ለዳቦና ለቆሎ 380፣ ለመኪና 250፣ ለወረቀት 60፣ በጠቅላላው 1,840 ብር ወጣ። ከሁሉ የሚበልጠው ወጪ ለድምፅ መሆኑን ልብ በሉ። ተመልካች ሥዕሉ ጥቂት ቢደበዝዝ ይታገሣል፤ ንግግሩ ካልተሰማው ግን ተነሥቶ ይሄዳል።

በሦስት ቅዳሜዎች 92 ደቂቃ አንሥተው ከእርሱ 8 ደቂቃ ብቻ አስቀሩ። ሲኒማ በአንድ ሰከንድ 24 ሥዕሎች ያሳያልና፣ ስምንቱ ደቂቃ 11,520 ሥዕሎች ይሆናል። በቀድሞው ዘመን ተማሪዎች የሚሠሩበት ባለ 16 ሚሊሜትር ፊልም 30 ሜትር ያህል የሆነው አንዱ ጥቅልል ሦስት ደቂቃ አይሞላም ነበር። ስለዚህ 92 ደቂቃ ለማንሣት ከ33 ጥቅልል በላይ መግዛትና ማሳጠብ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ስልክ ይህን ወጪ አስቀርቷል። ነገር ግን ርካሽነቱ ራሱ ፈተና ነው። የማያልቅ የመሰለውን ነገር ሰው ሳያስብ ያባክነዋልና፣ ልጆቹ ከማንሣታቸው በፊት ታሪኩን በአንድ ገጽ፣ የሚነሣውንም ሥዕል በተራ ቍጥር እንዲጽፉ አድርጉ።

በመካከሉ አንድ ክርክር ተነሣ። ከምንጩ የምትመለስ አንዲት እናት ሳታውቅ ተነሥታ ነበር። ሥዕሉ ከሁሉ ያማረ ስለ ነበር ካሜራ ያዡ ልጅ ሊተወው አልወደደም። ሴትዮዋን ሄደው ቢጠይቋት፣ «በዚህ ልብሴ ሰው አይየኝ» አለች። ልጆቹ ተመካክረው ሥዕሉን አጠፉት። እኔ በዚያ ቀን ከፊልሙ ይልቅ በልጆቹ ደስ አለኝ። የሰውን ችግር እናሳያለን ብለን የሰውን ክብር ልንገፍፍ አይገባንም። የሕፃን ሥዕል ሲሆን ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ግድ ነው።

በሰኔ መጨረሻ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅለው፣ በተዋሱት ፕሮጀክተር ፊልሙን ለወላጆች አሳዩ። ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም፤ ዝም ብለው ተቀመጡ። ኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «የኔ ልጅ ምልክት በየትኛው መስመር ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ። መምህሩም ለብቻቸው አሳያቸው። ዘንድሮ በጋ ሲገባ እኒህ ሰው ውሃውን በአህያ እንዲያመጣ ወንድ ልጃቸውን አዘዙ፤ ሴት ልጃቸውም በሰዓቷ ትመጣለች። ሌሎቹ ቤቶች ግን ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው ናቸው፤ ምንጩም አልቀረበም። ፊልም ጕድጓድ አይቆፍርም። ሰው ዓይኑን የመለሰበትን ነገር ደግሞ እንዲያይ ማድረግ ግን ይቻለዋል።

መምህራን ሆይ፤ ልጆች አሳብ ይዘው ሲመጡ ጊዜ ሳታሳልፉ ስሟቸው፤ እንደ ቅኔ መምህር የተሰበረውን ጠግኑላቸው እንጂ እናንተ አትሥሩላቸው። ሽማግሎች ሆይ፤ «መንደራችንን ሊያሰድቡ ነው» ከማለታችሁ በፊት ሥራቸውን አስቀድማችሁ እዩላቸው። የቆሎ ተማሪ ለብሶት የሚሄደው ደበሎ ብቻ ሳለ ሊቅ ሆኖ እንደሚመለስ የምታውቁ እናንተ ናችሁና፣ በተውሶ ስልክ የሚጀምረውን ልጅ አትናቁት።

እነዚያ አምስቱ ልጆች ዘንድሮ በየካቲት እንደ ገና ወደ ቢሮ መጡ። ባለፈው ዓመት ያመለጣቸውን የምንጩን ሰልፍ ሊያነሡ ፈቃድ ጠየቁ። ደብዳቤውን ቆመው ሳሉ ጻፍሁላቸው።