ለፈጣን ጀልባ ሞተር ስለ ካንዴላ አመራረጥ



እኛ የሞተር ትምህርት ተማሪዎች በዛሬው በዓል ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ፥ ስለ ካንዴላ፥ ጥቂት እንድንናገር ተፈቅዶልናል። ካንዴላን የማያውቅ ባለመኪና የለም፤ ሙቅና ቀዝቃዛ ካንዴላ መኖሩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ይህ ስም ለብልጭታው የተሰጠ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም፥ ብልጭታው ያው ነው። ልዩነቱ የካንዴላው ጫፍ የተቀበለውን ሙቀት ወደ ቴስታታው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያስተላልፍ ነው። የጫፉ ነጭ ሸክላ ረጅም ሲሆን የሙቀቱ መንገድ ይረዝማል፥ ካንዴላውም ይሞቃል፤ አጭር ሲሆን ቶሎ ይበርዳል። ጫፉ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከሆነ ጥቀርሻውን አቃጥሎ ራሱን ሊያጸዳ አይችልም። ከ850 ገደማ በላይ ሲሆን ደግሞ እንደ ፍም ይግልና ብልጭታውን ሳይጠብቅ ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል። ያን ጊዜ ፒስቶኑ ገና ወደ ላይ ሲወጣ እሳቱ ይቀበለዋል፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥም ሊበሳ ይችላል።

ታዲያ ይህ ነገር በጀልባ ላይ ለምን ይብሳል? የጭነት መኪና ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ሞተሩ እንዴት እንደሚያቃስት የሰማ ሰው የጀልባን ሞተር ኑሮ ያውቃል። መኪናው ግን ዳገቱን ጨርሶ ያርፋል፤ ጀልባ ቁልቁለት የለውም፥ በፍጥነት እስከ ሄደ ድረስ ውሃውን መግፋት አለበት። በዚህ ላይ አየሩን አምቆ የሚያስገባው ሱፐርቻርጀር ሲጨመር ቤንዚኑም በዚያው ልክ ይጨመራል፥ ሙቀቱም ይበዛል። በ1950 እ.ኤ.አ. «ስሎ ሞ ሹን 4ኛ» የተባለችው ጀልባ በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ፥ በዋሽንግተን ሐይቅ ላይ፥ በሰዓት 258 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳ የዓለምን የውሃ ላይ ፍጥነት ወሰን ሰበረች። ሞተሯ ለጦር አውሮፕላን የተሠራ አሊሰን ነበር፤ ሱፐርቻርጀር፥ 12 ሲሊንደርና 24 ካንዴላ ነበረው። ከ24ቱ አንዱ ብቻ ቢግል ምን እንደሚደርስ አስቡት።

የምርጫው መነሻ የሞተሩ ሠሪ ያዘዘው ካንዴላ ነው። ሱፐርቻርጀር ሲጨመርበት በአንድ ደረጃ፥ ግፊቱ ከበረታ በሁለት፥ ቀዝቃዛ የሆነውን መውሰድ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ግን ያሳስታል፤ በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፥ በዛሬው ቦሽ ግን ሙቅ ነው። በታመቀ አየር ውስጥ ብልጭታው መዝለል ስለሚከብደው የካንዴላውንም ክፍተት ትንሽ ማጥበብ ያስፈልጋል።

እጅግ ቀዝቃዛ የሆነውም ጣጣ አለው፤ ጀልባው ወደብ አጠገብ በሚኒሞ ሲቆይ ይጠቁራል፥ ሞተሩም ይንተባተባል። ቢሆንም ብንጠራጠር ቀዝቃዛውን እንመርጣለን። የጠቆረ ካንዴላ ይጠረጋል፤ የተበሳ ፒስቶን ግን ሰውን ሐይቅ መኻል ያስቀራል።

የሚፈርደው ፈተናው ነው። ጀልባውን በሙሉ ኃይል ጥቂት አስኪዶ፥ በሚኒሞ ሳያቆዩ ወዲያው ማጥፋት፥ ሲበርድ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት። ሸክላው ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው። ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቀዝቅዟል፥ ወይም ቤንዚኑ በዝቷል። ነጭ ሆኖ ካበጠ ወይም ጥቃቅን የአሉሚኒየም ፍንጣሪ ከታየበት፥ ቤንዚኑ አንሶ እንደሆነ ሳይመረመር ያ ጀልባ እንደገና አይነሣ።

ረጅምና አጭር ሸክላ ያላቸውን ካንዴላዎች ከመድረኩ በታች በጠረጴዛ ላይ ደርድረናል፤ ወላጆች ቀርባችሁ እንድታዩልን እንለምናለን።