የፎቶግራፍ መጽሔት ከወረቀት ሲለይ



«ፖፑላር ፎቶግራፊ» በአሜሪካ አገር በ1937 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ፣ ፎቶግራፍ ማንሣትን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ያደረጉትን አማተሮች 80 ዓመት ያህል ሲያስተምር ከኖረ በኋላ በ2017 ኅትመቱ ተቋረጠ። መጽሔቱን ይመግበው የነበረው አንባቢው የሚከፍለው ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ የኋላ ገጾቹን የሚሞላው የካሜራ ነጋዴዎች የዋጋ ዝርዝር ጭምር እንጂ። በጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር ቆጠራ መሠረት፣ በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ የነበረው የዲጂታል ካሜራ አቅርቦት በ2017 ወደ 25 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ካሜራው ወደ ስልኩ ገብቷልና ማስታወቂያውም ነጠፈ።

በ2021 መጨረሻ ስሙ እንደገና ተነሣ፤ ነገር ግን በኢንተርኔት ብቻ። ይህን እንደ ልብስ መለወጥ የሚቆጥር ቢኖር፣ ገጾቹን ያቀናጅ የነበረውን ባለሙያ ያስታውስ። አንዱን ፎቶግራፍ በሁለት ገጽ ላይ አንጥፎ ሌላውን እንደ ቴምብር ማሳነስ የአዘጋጁ ፍርድ ነበር፤ አሁን ግን መጠኑን የሚወስነው አንባቢው የያዘው ስልክ ነው። እርግጥ፣ ጀማሪው ትምህርቱን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ማየቱ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ስሕተትም በዕለቱ ይታረማል። ይሁንና ያለ ማስታወሻ የታረመ ገጽ የቀድሞ መልኩን አያስቀርም። የ1937ቱ እትም ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ወርዶ ዛሬም ይነበባል፤ የዛሬውን ገጽ ማን ጠብቆ እንደሚያቆየው ግን አዘጋጆች ሁሉ ሊወስኑበት የሚገባ ጉዳይ ነው።